በአሜሪካ በግንባታ ሥራ ለተሰማሩ ኢትዮጵያውያን፦ ስለ ደኅንነት ሥልጠና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ፣ በተለይም በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በኔቫዳ በግንባታ ሥራ ለተሰማሩ ወይም ለመሰማራት ላሰቡ አማርኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ ነው። መልሶቹ የሕጉን አጠቃላይ መልክ ያሳያሉ እንጂ የጠበቃን ምክር አይተኩም።

ኦሻ የሚባለው ምንድን ነው?

ኦሻ በአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር ሥር ያለ፣ በ1970 በወጣው የሥራ ደኅንነትና ጤና ሕግ የተቋቋመና በ1971 ሥራውን የጀመረ የፌዴራል ተቋም ነው። ሕጉ በእያንዳንዱ አሠሪ ላይ የጣለው መሠረታዊ ግዴታ፣ ሞት ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ሊያደርስ ከሚችል የታወቀ አደጋ ነፃ የሆነ የሥራ ቦታ ማዘጋጀት ነው። አንዳንድ ስቴቶች ይህንኑ ሥራ በራሳቸው ተቋም ያከናውናሉ፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ኔቫዳ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በዲሲ ግን የግል ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው የፌዴራሉ ኦሻ ራሱ ነው። የስቴቶቹ ደንብ ከፌዴራሉ የጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ ከፌዴራሉ ያነሰ ጥበቃ የሚሰጥ ሊሆን ግን አይፈቀድም።

የ10 ሰዓቱ የኦሻ ካርድ ሳይኖረኝ በግንባታ መሥራት እችላለሁ?

መልሱ እንደሚሠሩበት ቦታ ይለያያል። ካርዱ የሚሰጠው የኦሻን የ10 ሰዓት የደኅንነት ትምህርት ለጨረሰ ሰው ሲሆን፣ በፌዴራል ደረጃ ትምህርቱ በፈቃደኝነት የሚወሰድ ነው። በኔቫዳ ግን የግንባታ ሠራተኛ በተቀጠረ በ15 ቀን ውስጥ የ10 ሰዓቱን፣ ተቆጣጣሪ ከሆነ ደግሞ የ30 ሰዓቱን ትምህርት ማጠናቀቁን በካርድ ማሳየት አለበት። በላስ ቬጋስ ሥራ የሚፈልግ ሰው ይህንን አስቀድሞ ቢጨርስ ይሻለዋል። የኒው ዮርክ ከተማ በ2017 ባወጣችው ሕግ ከዚህም አልፋ፣ በትልልቅ የግንባታ ቦታዎች ለሚሠራ ሰው የ40 ሰዓት ሥልጠና ትጠይቃለች። ማሳቹሴትስና ኮኔቲከትን የመሳሰሉ ስቴቶች ካርዱን የሚጠይቁት በመንግሥት ገንዘብ ለሚሠሩ ግንባታዎች ነው። ሕግ በማያስገድድባቸው ቦታዎችም ቢሆን ዋናው ኮንትራክተር ካርድ ያላሳየ ሠራተኛ ወደ ግንባታው ግቢ እንዳይገባ ሊከለክል ይችላል።

ካርዱን ከያዝኩ በኋላ አሠሪዬ ሌላ ሥልጠና ሊሰጠኝ ይገባል?

አዎ፣ ይገባል። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚታየው የተሳሳተ ግንዛቤ ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

የ10 ሰዓቱ ትምህርት ስለ አደጋ ዓይነቶችና ስለ ሠራተኛ መብት ጠቅላላ ግንዛቤ ይሰጣል። ኦሻ ራሱ ይህ ትምህርት አሠሪው በደንብ የተጣለበትን የሥልጠና ግዴታ እንደማይተካ ይገልጻል። በግንባታ ደንቡ መሠረት አሠሪው እያንዳንዱ ሠራተኛ በተሰማራበት ቦታ ያሉትን አደጋዎች እንዲለይና ከእነርሱም እንዲጠበቅ ማስተማር አለበት። ከከፍታ የመውደቅ አደጋ ለተጋለጠ ሠራተኛ ደግሞ ሥልጠናውን ከመስጠት አልፎ የሠራተኛውን ስም፣ ሥልጠናው የተሰጠበትን ቀንና የአሠልጣኙን ወይም የአሠሪውን ፊርማ የያዘ የጽሑፍ ማረጋገጫ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። በስካፎልድ (በግንባታ መወጣጫ) ላይ የሚሠራ ሰው ስለ ስካፎልዱ፣ መሰላል የሚጠቀም ስለ መሰላሉ፣ ኬሚካል የሚነካ ስለ ኬሚካሉ መሠልጠን አለበት። ፎርክሊፍት የሚነዳ ሠራተኛ በተግባር ተመዝኖ ማለፍ ያለበት ሲሆን፣ ምዘናው ቢያንስ በየ3 ዓመቱ ይደገማል። የሥራው ቦታ ወይም መሣሪያው ከተለወጠ፣ ወይም ሠራተኛው የተማረውን እንዳልያዘ የሚያሳይ ነገር ከታየ ሥልጠናው እንደገና ይሰጣል።

ስለዚህ ፎርማኑ «ካርድ አለህ አይደል፣ ውጣና ጀምር» ቢል፣ ካርዱ ስለዚያ ጣሪያ፣ ስለዚያ ገመድና ገመዱ ስለሚታሰርበት ቦታ የሚነግርዎት ምንም ነገር እንደሌለ ያስታውሱ። ሊያውቅ የሚገባውና ሊያሳይዎ የሚገባው አሠሪው ነው።

እንግሊዝኛ ብዙም አልችልም። ሥልጠናውን በአማርኛ የማግኘት መብት አለኝ?

ሕጉ ለአሠሪው የሰጠው ትእዛዝ «በአማርኛ አሠልጥን» የሚል ሳይሆን፣ ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋና በሚገባው አነጋገር እንዲሠለጥን የሚል ነው። ኦሻ በሚያዝያ 2010 ለተቆጣጣሪዎቹ ባስተላለፈው መመሪያ ይህንን በማያሻማ መንገድ አስፍሮታል። ሠራተኛው እንግሊዝኛ የማይገባው ከሆነ በእንግሊዝኛ የተሰጠው ገለጻ እንደ ሥልጠና አይቆጠርም፤ ማንበብ የማይችል ከሆነም የተጻፈ ወረቀት ሰጥቶ ማሰናበት ግዴታን መወጣት አይደለም። መመሪያው ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም ሐሳብ አለው፦ አሠሪው የዕለት ሥራ ትእዛዝ ለማስተላለፍ አስተርጓሚ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚጠቀም ከሆነ፣ ለደኅንነት ሥልጠናውም ያንኑ መጠቀም ይኖርበታል። የኮንክሪቱን ሥራ በአማርኛ እያዘዙ የደኅንነቱን ሥልጠና በእንግሊዝኛ ብቻ ሰጥቶ ማለፍ አይቻልም።

በተግባር ብዙውን ጊዜ አስተርጓሚ የሚሆነው እንግሊዝኛ የሚችል የሥራ ባልደረባ ነው። ይህ በራሱ ክፋት የለውም፤ ነገር ግን አሠልጣኙ ለ10 ደቂቃ የተናገረውን «ቀበቶአችሁን እሰሩ ነው የሚለው» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚጨርስ አስተርጓሚ አላስተረጎመም። አሠልጣኙ እያቆመ እንዲናገር፣ አስተርጓሚውም ሁሉንም እንዲናገር መጠየቅ ይቻላል። በዚህ ምክንያት በአስተርጓሚ የሚሰጥ ሥልጠና ከመደበኛው የበለጠ ጊዜ መውሰዱ አይቀርም፤ በመደበኛው ሰዓት ካለቀ አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው።

ከቋንቋው እኩል ችግር የሚፈጥረው ደግሞ ጠባያችን ነው። አለቃ ሲናገር አንገት ዝቅ አድርጎ መስማትና ራስን መነቅነቅ ከአስተዳደጋችን የመጣ አክብሮት ነው፤ በሰው ፊት «አልገባኝም» ማለትም ይሉኝታ ያሲዛል። አሠልጣኙ ግን ይህንን አያውቅም፤ ራስዎን ሲነቀንቁ ካየ ገብቶታል ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በመጨረሻም የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት ይዞራል። እዚያ ወረቀት ላይ የሚያኖሩት ፊርማ፣ አደጋ ቢደርስ አሠሪው «አሠልጥኜዋለሁ» ብሎ የሚያቀርበው ማስረጃ ነው። ስለዚህ ያልገባዎትን ሥልጠና ወስጃለሁ ብለው አይፈርሙ። አስተርጓሚ እንደሚያስፈልግዎ ለተቆጣጣሪዎ በስልክ የጽሑፍ መልእክት ይላኩ፤ አጭርና የተሰባበረ እንግሊዝኛ ቢሆንም ቀኑን የያዘ ማስረጃ ይሆናል። ሥልጠናው የገባዎት መሆኑን ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ደግሞ አሠልጣኙ ያሳየውን በእጅዎ ሠርተው እንዲያይዎት መጠየቅ ነው። ቀበቶን በትክክል መልበስ በዐሥር ገጽ ጽሑፍ ከሚነገረው ይልቅ በአንድ ጊዜ ሙከራ ይታወቃል።

በ10 ሰዓቱ ትምህርት ምን ይሰጣል?

ከሰዓቱ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት በግንባታ ላይ ብዙ ሰው የሚገድሉት አራት አደጋዎች ናቸው፦ ከከፍታ መውደቅ፣ በሚወድቅ ወይም በሚንቀሳቀስ ነገር መመታት፣ በመሣሪያ ወይም በሚናድ አፈር መሀል መያዝ፣ እና የኤሌክትሪክ አደጋ። በአሜሪካ በ2023 ብቻ ከ1,000 በላይ የግንባታ ሠራተኞች በሥራ ላይ ሞተዋል፤ ከ10 ወደ 4 የሚጠጉት የሞቱት በመውደቅ፣ በመንሸራተት ወይም በመደናቀፍ ነው።

ስለ መውደቅ መያዝ ያለበት ዋናው ቁጥር 6 ጫማ፣ ማለትም 1.8 ሜትር ገደማ ነው። በግንባታ ሥራ ከዚህ ከፍታ ጀምሮ አሠሪው የመከላከያ አጥር፣ መረብ ወይም ከጽኑ ነገር ጋር የሚታሰር ቀበቶ ማቅረብ አለበት። በስካፎልድ ላይ ግዴታው የሚጀምረው ከ10 ጫማ ነው። ግዴታው ለትልልቅ ሕንፃዎች ብቻ ነው የሚል ወሬ ይሰማል፤ ለመኖሪያ ቤት ጣሪያም ይሠራል፤ ይልቁንም ሦስትና አራት ሰው ሆኖ ጣሪያ የሚቀይር አነስተኛ ቡድን ነው ያለ ቀበቶ ሲሠራ የሚገኘው። መሰላልን በተመለከተ ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚደገፍ መሰላል ለእያንዳንዱ 4 ጫማ ከፍታ ከሥሩ 1 ጫማ እንዲርቅ፣ ጫፉም ከሚወጡበት ወለል ቢያንስ 3 ጫማ ከፍ እንዲል ይደረጋል።

ጉድጓድ ከመውደቅ ያነሰ ይፈራል፤ ይህ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። አንድ ኪዩቢክ ሜትር አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ሊመዝን ስለሚችል፣ እስከ ደረት ብቻ የተቀበረ ሰው እንኳ ደረቱ ተጨምቆ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። ጥልቀቱ 5 ጫማ የደረሰ ቦይ፣ ሙሉ በሙሉ ጽኑ ዐለት ካልሆነ በቀር፣ ጎኑ ተዳፋት ሆኖ ካልተቆፈረ፣ በድጋፍ ካልተያዘ ወይም የብረት ሳጥን ካልገባበት ማንም አይገባበትም። ጥልቀቱ 5 ጫማ ባይደርስም የመናድ ምልክት ከታየ ይኸው ይሠራል። 4 ጫማ ከደረሰ ሠራተኛው ከ25 ጫማ በላይ ሳይሄድ የሚያገኘው መውጫ መሰላል ሊኖር ይገባል። የተቆፈረው አፈር ከጠርዙ ቢያንስ 2 ጫማ ይርቃል። አደጋን የመለየት ዕውቀትና ሥራን የማስቆም ሥልጣን ያለው ሰው ቦዩን በየቀኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊትና ከዝናብ በኋላ ይመረምራል። ጓደኛዎ አፈር ተንዶበት ቢያዩ ዘለው አይግቡ፤ ሊያድን ገብቶ አብሮ የሚቀበር ሰው ብዙ ነው። 911 ይደውሉ።

ከኤሌክትሪክ ጋር በተያያዘ፣ እስከ 50 ሺህ ቮልት ከሚሸከም የአየር ላይ መስመር ቢያንስ 10 ጫማ መራቅ ግድ ነው። ቀለም ቀቢዎችና ጣሪያ ሠሪዎች የአሉሚኒየም መሰላል ከቦታ ቦታ ሲያዘዋውሩ ሽቦ የሚነኩት ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ ባለማየት ነው። ከመሬት በታች ያለውን መስመር ለማወቅ ደግሞ ከመቆፈሩ በፊት 811 ይደወላል።

በአገር ቤት ለዓመታት ግንበኛ ነበርኩ። ለጀማሪ የሚሰጠው ሥልጠና ለእኔ ምን ይጨምርልኛል?

ሙያዎ የትም አይጠፋም፤ ሥልጠናውም ግንበኝነትን ሊያስተምርዎ አይመጣም። በአዲስ አበባ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ላይ በባሕር ዛፍ አጣና በታሰረ መወጣጫ ያለ ቀበቶ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው በእርግጥ ደፋርና ሚዛኑን የሚጠብቅ ሠራተኛ ነው። ችግሩ ያ ልምድ አደጋን የማየት ዓይንን ማደንዘዙ ነው። ለዓመታት ሳይወድቅ የሠራ ሰው ከወደቁት ይልቅ ራሱን ያምናል። ከዚህ ሌላ መሣሪያው የተለየ ነው፤ በብረት ስካፎልድ፣ በሞተር በሚነሣ መድረክና የሳንባ በሽታ የሚያመጣ አቧራ በሚያስነሣ የኮንክሪት መቁረጫ ላይ የአገር ቤቱ ልምድ ብዙም አይረዳም። በነገራችን ላይ፣ በኢትዮጵያም ቢሆን አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና ሠራተኛውን እንዲያሠለጥን ያስገድዳል፤ በግንባታ ቦታዎች ሲሠራበት ያላየነው ሕጉ ስለሌለ አይደለም።

በጾም ወቅት በበጋ ሙቀት እሠራለሁ። ሥልጠናው ስለዚህ ይናገራል?

ስለ ሙቀት ይናገራል፤ ስለ ጾም ግን የአሜሪካ አሠልጣኝ እምብዛም አያስብም፤ ስለዚህ ጉዳዩን ራስዎ ማንሣት አለብዎ። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 7 ይጀምራል፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሙቀቱና ወበቁ ከሚበረታባቸው ሳምንታት ጋር ይገጥማል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምስ በጣሪያ ላይ የሚውል ሰው ሰውነቱ በላብ ያጣውን የሚተካበት መንገድ የለውም። ረመዳን በእነዚህ ዓመታት ወደ ቀዝቃዛው ወቅት ስለመጣ ችግሩ ለሙስሊም ወገኖቻችን ለጊዜው ቀለል ብሏል፤ ሆኖም እንደሚዞር ይታወቃል።

ኦሻ እንደሚለው በሙቀት ምክንያት በሥራ ላይ ከሚሞቱት ግማሽ የሚጠጉት የሚሞቱት በመጀመሪያው የሥራ ቀን ነው፤ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት። ምክንያቱ ሰውነት ከሙቀት ጋር ለመላመድ ቀናት ስለሚፈልግ ነው። ስለዚህ አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን በሙቀት ውስጥ ከመደበኛው የሥራ ጊዜ 20 በመቶውን ብቻ እንዲሠራና በየቀኑ 20 በመቶ እንዲጨምር ይመከራል። አዲስ ሰው ጉልበቱን ለማሳየት በመጀመሪያው ቀን ከሁሉ በላይ የሚሠራበት ልማድ በዚህ ረገድ እጅግ አደገኛ ነው።

ሜሪላንድ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ጀምሮ የራሷ የሙቀት ደንብ አላት። ሙቀቱ ከወበቁ ጋር ተደምሮ 80 ዲግሪ ፋራናይት ሲደርስ አሠሪው የሚጠጣ ውሃና ጥላ ማቅረብ፣ አዳዲስ ሠራተኞችን ማለማመድና ሥልጠና መስጠት አለበት፤ 90 ሲደርስ በየ2 ሰዓቱ ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ 100 ሲደርስ በየሰዓቱ ቢያንስ 15 ደቂቃ ዕረፍት ይሰጣል። የሚጾም ሠራተኛ ከባዱን ሥራ ማለዳ ላይ ለመጨረስ፣ ከሰዓት በኋላ በጥላ ለመሥራት ወይም ፈረቃ ለመቀየር አስቀድሞ ከፎርማኑ ጋር ቢነጋገር ጥሩ ነው። የጾሙን ሥርዓት ከሥራው ጠባይ ጋር እንዴት እንደሚያስኬዱት ደግሞ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩ፤ ይህ አሠልጣኝም ሆነ ይህ ጽሑፍ የሚወስነው አይደለም። የሥራ ባልደረባዎ ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ከተደናገረ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ጾመኛም ይሁን አይሁን ጊዜ አይሰጥም፤ 911 ይደውሉ፣ ጥላ ሥር አስተኝተው በቀዝቃዛ ውሃ ያርሱት።

ስለ አቧራና ስለ መተንፈሻ ጭንብል ማወቅ ያለብኝ ምንድን ነው? ጺሜንስ መላጨት አለብኝ?

ኮንክሪት፣ ጡብ፣ ብሎኬትና ሴራሚክ ሲቆረጡ ወይም ሲበሱ የሚወጣው ደቃቅ አቧራ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለው። ይህ አቧራ ወደ ሳንባ ሲገባ ሲሊኮሲስ የተባለ ፈውስ የሌለው በሽታና የሳንባ ካንሰር ያመጣል፤ ሕመሙ ከዓመታት በኋላ ስለሚገለጥ ሠራተኛው ከሥራው ጋር አያያይዘውም። በግንባታ ላይ ከ2017 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው ደንብ በ8 ሰዓት አማካይ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ውስጥ ከ50 ማይክሮግራም በላይ እንዳይኖር ይከለክላል። በተግባር ትርጉሙ መቁረጫው ውሃ እየረጨ እንዲቆርጥ ወይም አቧራ ከሚስብ መሣሪያ ጋር እንዲሠራ ማድረግ ነው። ደረቅ ቆርጦ በነጠላ ጭንብል መሸፈን መፍትሔ አይደለም።

ፊት ላይ ተጣብቆ የሚሠራ ጭንብል በጺም ላይ አይገጥምም፤ አየሩ በጎን ስለሚገባ ጭንብሉ የለበሱ ያህል አይጠብቅም። በሃይማኖት ወይም በሌላ ምክንያት ጺምዎን የማይላጩ ከሆነ፣ በባትሪ ንጹሕ አየር የሚነፋ ሰፊ መሸፈኛ ያለው የመተንፈሻ መሣሪያ መኖሩን ይጠይቁ። በተጨማሪም ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ሲያድሱ ቀለሙ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል የሥራ ልብስዎን ለብሰው ልጅዎን አይቀፉ፤ አቧራው የሚጎዳው ከሁሉ በፊት ሕፃናትን ነው።

ለሥልጠናውና ለመከላከያው የሚከፍለው ማን ነው?

አሠሪው በኦሻ ደንብ እንዲሰጥ የታዘዘውን ሥልጠና ወጪ ይሸፍናል፤ እንዲወስዱ ግዴታ የጣለብዎት ሥልጠና የሚወስደው ሰዓትም በአጠቃላይ እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ ይከፈልበታል። የራስ መከላከያ ቆብ፣ ቀበቶ፣ መነጽርና ጓንት ከ2008 ጀምሮ በአሠሪው ወጪ ይቀርባሉ፤ ተራ የብረት አፍንጫ ጫማና የሐኪም ትእዛዝ ያለው የደኅንነት መነጽር ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ደግሞ መከላከያው የሠራተኛውን ሰውነት የሚመጥን መሆን እንዳለበት በግንባታ ደንቡ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ይህ በተለይ ለሴቶች ሠራተኞችና አነስ ያለ ሰውነት ላላቸው ሁሉ ጠቃሚ ነው፤ የሰፋ ቀበቶ ሰው አይዝም።

የመኖሪያ ወረቀቴ አልተስተካከለም። ይህ ሁሉ እኔን ይመለከተኛል?

አዎ። የደኅንነት ሕጉ ጥበቃ በስደተኛነት ሁኔታ ላይ የተመሠረተ አይደለም። አቤቱታ ሲያቀርቡም ስምዎ ለአሠሪው እንዳይገለጥ መጠየቅ ይችላሉ። ስለ መኖሪያ ጉዳይዎ ሥጋት ካለዎ ግን አቤቱታ ከማቅረብዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ፤ ከሥራ ባልደረባ የሚሰማ ምክር ለዚህ አይበቃም።

የምሠራው በ1099 (እንደ ግል ተቋራጭ ለሚሠራ ሰው በሚሰጥ የግብር ወረቀት) ነው። አሠሪዬ «አንተ የራስህ አለቃ ነህ፤ ሥልጠና የራስህ ጉዳይ ነው» ይላል።

የግብር ወረቀቱ ዓይነት ብቻውን ነገሩን አይወስነውም። መጥተው የሚሠሩበትን ሰዓት፣ የሥራውን አሠራርና መሣሪያውን የሚወስነው አሠሪው ከሆነ ሕጉ እንደ ሠራተኛ ሊያይዎት ይችላል። ከዚህም ሌላ በአንድ ግንባታ ላይ ዋናው ኮንትራክተር ቦታውን የሚቆጣጠር በመሆኑ፣ በሰብ ኮንትራክተሩ ሠራተኞች ላይ ለተፈጠረ አደገኛ ሁኔታም ሊጠየቅ ይችላል።

አደገኛ መስሎ የታየኝን ሥራ እምቢ ማለት እችላለሁ?

በተወሰኑ ሁኔታዎች ይቻላል። አሠሪው አደጋውን እንዲያስወግድ ጠይቀውት ያላስወገደ ከሆነ፣ በቅንነት ሞት ወይም ከባድ ጉዳት እንደሚያሰጋ ካመኑና ምክንያታዊ ሰውም እንዲሁ የሚያምን ከሆነ፣ ደግሞም አደጋው ቅርብ ከመሆኑ የተነሣ ተቆጣጣሪ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ጊዜ ከሌለ እምቢታዎ በሕግ ይጠበቃል። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ መሟላት አለባቸው። እምቢ ሲሉ ምክንያቱን ይናገሩ፣ ሌላ ሥራ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፣ አሠሪው «ሂድ» እስኪል ድረስም ከሥራ ቦታው አይሂዱ። ተናዶ ዕቃ ጥሎ መሄድ በኋላ ሥራ እንደመተው ሊቆጠር ይችላል።

ለኦሻ ብናገር ቢያባርሩኝስ?

በደኅንነት ጉዳይ አቤቱታ ያቀረበን ሠራተኛ ማባረር፣ ሰዓቱን መቀነስ ወይም ማስፈራራት ክልክል ነው። የፌዴራሉ ሕግ የሰጠው ጊዜ ግን እጅግ አጭር ነው፦ በቀል ከተፈጸመብዎ ቀን አንሥቶ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከት አለብዎ። ብዙ ሰው አሠሪው ይመልሰኝ ይሆናል እያለ ሲጠብቅ ቀኑ ያልፍበታል። የኦሻ ስልክ 1-800-321-6742 ሲሆን፣ ሲደውሉ አማርኛ አስተርጓሚ እንዲያገናኙዎ ይጠይቁ።

ጉዳት ቢደርስብኝ መጀመሪያ የማደርገው ምንድን ነው?

ሕክምና ያግኙ፤ ሐኪሙም የተጎዱት በሥራ ላይ መሆኑን እንዲመዘግብ ይንገሩት። ቀጥሎ ለአሠሪው በጽሑፍ ያሳውቁ። ለሠራተኛ ካሣ ይህ የማሳወቂያ ጊዜ በሜሪላንድ 10 ቀን፣ በቨርጂኒያና በዲሲ 30 ቀን ነው፤ ማሳወቅና የካሣ ማመልከቻ ማስገባት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ የመጀመሪያውን አድርገው ሁለተኛውን እንዳይረሱ። «ለሐኪሙ ከቤት ነው የወደቅኩት በል፣ ወጪህን እኔ እችላለሁ» የሚል አሠሪ ካጋጠመዎ አይቀበሉ፤ ወጪው ከታሰበው ሲበልጥ ቃሉን የሚጠብቅ መሆኑን የሚያረጋግጥልዎ የለም፣ መብትዎም በራስዎ አፍ ይጠፋል። ሰው ከሞተ አሠሪው በ8 ሰዓት ውስጥ፣ ሠራተኛ ሆስፒታል ከተኛ፣ አካሉ ከተቆረጠ ወይም ዓይኑ ከጠፋ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኦሻ ማሳወቅ አለበት።

አንድ ሰው «ካርዱን ዛሬ ገንዘብ ከፍለህ ነገ ትወስዳለህ» አለኝ። ልመነው?

አይመኑት። የ10 ሰዓቱ ትምህርት ቢያንስ በ2 ቀን ተከፍሎ የሚሰጥ ነው፤ ካርዱንም አሠልጣኙ ትምህርቱ ካለቀ በ90 ቀን ውስጥ ለተማሪው ያደርሳል። ሳይማሩ የሚገኝ ካርድ ሐሰተኛ ነው፤ መግቢያ በር ላይ ቢያልፍ እንኳ ጣሪያ ላይ አይጠቅምም። አሠልጣኙ በኦሻ የታወቀ መሆኑን የሚያሳይ መታወቂያ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ትምህርቱን በኢንተርኔት ለመውሰድ ከፈለጉም ኦሻ የፈቀደላቸውን ተቋማት ዝርዝር በራሱ ድረ ገጽ ላይ ያገኛሉ።

ካርዴ ጠፋ። እንደገና መማር አለብኝ?

ሁልጊዜ አይደለም። ያስተማረዎትን አሠልጣኝ ወይም ተቋም ፈልገው ምትክ ይጠይቁ፤ ትምህርቱን ከወሰዱ 5 ዓመት ካለፈ ግን ምትክ ስለማይሰጥ እንደገና መማር ይኖርብዎታል። ምትክ የሚሰጠውም አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ካርዱን በሁለት ጎኑ ፎቶ አንሥተው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ፤ የአሠልጣኙን ስምና ስልክም አብረው ይመዝግቡ።